ከብልሹው ጋር ሃያ ደቂቃ

አንለይ መንበሩ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ሄዶ አያውቅም። ጠዋት፣ የአዳማ ሰው እንደ ጆንያ ተደራርቦ ወደ ሥራ በሚሄድበት ሰዓት እንኳ፣ እሱ አንድ እግሩን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሲያሳርፍ በየኪሱ ያለው ስልክ ሁሉ መርገብገብ ይጀምራል። ሰዉ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይጎርፋል። አንለይ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ቦርሳውን ጎኑ ባለው ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ሲያሰኘው እግሩን ፊቱ ባለው ወንበር ላይ ይሰቅላል። ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል፣ የሰው ክርን የሰው ጎድን ውስጥ ይገባል፤ ከፊት ያሉት ወንበሮች ግን በሙሉ የእሱ ናቸው።

«ደህና አደራችሁ?» ይላል ሁልጊዜ።

አንድም ሰው አይመልስለትም። በ2071 ዓ.ም. ሰላምታ መመለስ ነፃ አይደለም።

የአንለይ የባንክ ነጥብ አርባ አንድ ነው፤ ከአንድ ሺህ። ከተማው ውስጥ ከእሱ ያነሰ ነጥብ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው ይባላል። ያ ሰው ሞቷል፤ ነጥቡ ግን አሁንም እየወረደ ነው።

ነገሩ የመጣው በዶሮ ነው። አንለይ በሃያ አራት ዓመቱ ከባንክ ተበድሮ ስድስት መቶ የእንቁላል ዶሮ ገዛ። ዶሮዎቹ መጣል እንደጀመሩ ፈንግል የሚባለው በሽታ ገባና ሳምንት ሳይሞላ ፈጃቸው። የተረፈው በስሕተት ከጫጩቶቹ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ አንድ አውራ ዶሮ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለባንክ የሚሆን ነገር አይጥልም። የወር ክፍያው ተቋረጠ። በባንክ ቋንቋ ብድሩ ተበላሸ።

አንለይ አልጠፋም፤ ስልኩንም አልዘጋም። የሰው ቤት ጣሪያ ላይ እየወጣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ እያጠበ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዕዳውን ከነወለዱና ከነቅጣቱ ከፍሎ ጨረሰ። የመጨረሻውን የከፈለ ዕለት ሸሚዙን አስተኩሶ ለብሶ ባንክ ሄደ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለው መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት። «ዕዳዎ ተከፍሏል። መበላሸትዎ ግን እንዳለ ነው።»

«ከፈልኩ አይደለም እንዴ?»

«ከፍለዋል። የከፈሉት ግን ከተበላሹ በኋላ ነው።»

«እና እስከ መቼ ነው የተበላሸሁት?»

ወጣቱ ማያው ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ፈለገ። «እሱን የሚሞሉበት ቦታ የለውም» አለ በመጨረሻ፤ ከልቡ አዝኖ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የቅርበት ደንብ መጣ። የድሮ ሰዎች «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ይሉ ነበር፤ የባንክ ባለሙያዎች ተረቱን ወስደው ሒሳብ አደረጉት። ብድሩ ከተበላሸበት ሰው አጠገብ ሃያ ደቂቃ የቆየ ሰው አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። የተቃቀፈ፣ የተሳሳመ ደግሞ እንደ ወዳጅ ስለሚቆጠር የሚቀነስበት በየደቂቃው ነው። ነጥቡ ያነሰ ሰው የቤት ብድር አያገኝም፤ የቤት ብድር ያለበት ሰው ነጥቡ ከወረደ ወለዱ ይወጣበታል። አዳማ ውስጥ የቤት ብድር የሌለበት ወይም የማይመኝ ሰው ስላልነበረ፣ ደንቡ ያለ ፖሊስ ሥራውን ይሠራ ነበር። እንደ አንለይ ያሉትን ሕዝቡ «ብልሹ» ይላቸው ጀመር። ለስድብ ብለው አልነበረም፤ «ግንበኛ» ወይም «ሹፌር» እንደማለት ነበር።

አንለይ ኑሮውን ለመደው። ዳቦ ቤት ወረፋ አይጠብቅም፤ ወረፋው ይበተንለታል። ዋስ ሁነኝ የሚለው ዘመድ የለም። ዕድርተኞቹ «ኀዘንህን ከበሩ ሆነህ ግለጽልን» ብለው በጨዋ ደንብ ነግረውታል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቄሱ መስቀሉን መቋሚያ ጫፍ ላይ አስረው ከሩቅ ያሳልሙታል። እሳቸውም የቤት ብድር አለባቸው።

ከጊዜ በኋላ ደግሞ ብልሹነቱ እንጀራ ሆነው። አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ስልክ ደወለለትና የተፎካካሪው ልጅ ሠርግ ላይ ሄዶ ከሙሽራዋ አባት ጎን እንዲቀመጥ ከፈለው። አንለይ ሄደ። የሙሽራዋ አባት የልጁን ሠርግ ትቶ መነሣት ነውር ሆኖበት፣ እያላበው፣ እስከ ኬኩ ድረስ ተቀመጠ። በዙሪያው ያሉት ጠረጴዛዎች ባዶ ስለቀሩ አንለይ የሦስት ሰው ክትፎ በላ። ሰኞ ዕለት የሰውዬው የሕንፃ ብድር ታገደ። አንለይ ሲሰማ ትንሽ ሕሊናውን ቆረቆረው፤ ክትፎው ግን ጥሩ ነበር።

ያልተፈታለት ነገር ጸጉሩ ነበር። የከተማው ጸጉር አስተካካዮች ደንበኛ ከመቀመጡ በፊት ነጥቡን ያያሉ። አንዱ ርኅሩኅ ረጅም እጀታ ላይ መቀስ ገጥሞ ከበሩ ሆኖ ሊቆርጠው ሞክሮ፣ ጆሮውን ሊቆርጠው ምንም አልቀረውም። ከዚያ በኋላ አንለይ ራሱ በመስተዋት እያየ ይቆርጥ ጀመር። ከፊቱ ሲያዩት ሰው ይመስላል፤ ከኋላው ግን አይጥ የበላው ምንጣፍ ነበር።

አንድ ቅዳሜ በፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ ሲያልፍ አንዲት ሴት ከጸጉር ቤቷ በር ላይ ቆማ አየችው። ትርሲት ትባላለች፤ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ክንዷ ጠንካራ፣ ባሏን ከዓመታት በፊት «አንተ ብዙ ታወራለህ» ብላ የፈታች ሴት ናት።

«አንተ ሰው!» ብላ ጠራችው። «ማነው ይህን የሠራህ? ከስሰኸዋል?»

አንለይ ራቅ ብሎ ቆመ። «ይቅርታ እህቴ፣ ከመጠጋቴ በፊት ልንገርሽ። አርባ አንድ ነኝ።»

«ዕድሜህ ነው?»

«ነጥቤ ነው።»

«እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ለማንም አልናገርም» አለች። «ግባና ቁጭ በል።»

ውስጥ የነበሩት ሁለት ደንበኞች ስልካቸው ሲርገበገብ ጊዜ፣ አንዱ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ግማሹን እንደያዘ፣ በጓሮ በር ወጡ። አንለይ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሃያ ደቂቃ ይፈጅብሻል እኮ። አንድ ነጥብ ነው የምትከስሪው።»

«ይህ ጭንቅላት በሃያ ደቂቃ የሚያልቅ መስሎህ ነው?»

እጇን ማጅራቱ ላይ ስታሳርፍ አንለይ እንደ ተነካ ቀንድ አውጣ ተሰበሰበ። የሰው እጅ ከነካው ዓመታት አልፈው ነበር። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር «ውሃው ገብቶ ነው» አላት። ትርሲት ገና ውሃ አልነካችም ነበር፤ ግን «አዎ፣ ይህ ውሃ ክፉ ነው» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

በወሩ ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ በሁለት ሳምንቱ መጣ። ከዚያ በሳምንቱ መጣ፤ የሚቆረጥ ጸጉር ግን አልነበረም። ትርሲት ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረችና በአየር ላይ መቀሱን ቀጭ ቀጭ አደረገች። ሁለቱም አላፈሩም። እሷ ስለ ደንበኞቿ ታወራለች፤ እሱ ከጣሪያ ላይ ሆኖ ስላየው የሰው ግቢ ያወራል። ከባሏ ጋር የተፋታችበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ቢያያቸው ይገረም ነበር፤ አንለይ ከባሏ ሦስት እጥፍ ያወራል።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ የቤቱን ነገር ነገረችው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ለቤት ቅድመ ክፍያ ስትቆጥብ ቆይታለች። አሁን ከዋናው መንገድ ዳር ባለ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ፣ ባንኩ ብድሩ ከተበላሸበት ሰው የወሰደው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለሽያጭ ወጥቷል። የፊተኛው ክፍል በሩ ወደ መንገድ ነው፤ ጸጉር ቤት ይሆናል። በኋለኛው ትኖራለች። ብድሩን ለማግኘት ስድስት መቶ ዘጠና ነጥብ ያስፈልጋል፤ ካመለከቱት ውስጥ ደግሞ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ይወስዳል።

«አንቺ ስንት አለሽ?» አላት።

«ስድስት መቶ ዘጠና ስምንት። አንደኛ ነኝ።»

«ከእኔ በፊትስ ስንት ነበር?»

ትርሲት ጸጉር የሌለበትን አንገቱን በብሩሽ ጠረገችለት። አንለይ ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ሁለት ሳምንት ጠብቃ ደወለችለት።

«ሞተሃል ወይስ መላጣ ሆነሃል?»

«ለነጥብሽ ብዬ ነው፣ ትርሲት። ባንኩ ጉዳይሽን እስኪጨርስ ልራቅ።»

«ነጥቤን ጠብቅልኝ ብዬ አደራ ሰጥቼሃለሁ?»

«አልሰጠሽኝም።»

«እሺ፣ ራቅ። ግን ያንን ጸጉር በራስህ እጅ እንዳትነካው።»

በዚያው ሰሞን አንለይን አንድ ትልቅ ሰው ለሥራ ፈለገው። አቶ ልሳነወርቅ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ነው፤ አራት ቤት አለው፤ አራቱም በብድር የተገዙ ናቸው። ሀብታም በራሱ ገንዘብ ቤት አይገዛም። ተገናኙ ቢባልም የተገናኙት አስፋልቱ መሐል ሆኖ ነበር፤ አቶ ልሳነወርቅ ከወዲያ ማዶ፣ አንለይ ከወዲህ ማዶ ቆመው እየተያዩ በስልክ ተነጋገሩ።

«አንድ የምድር ቤት አለ፤ ለዕቃ ማከማቻ እፈልገዋለሁ» አለ አቶ ልሳነወርቅ። «ሁለተኛ ነኝ። ማክሰኞ ባንኩ ሲወስን፣ አዳራሹ ውስጥ አንደኛዋ አጠገብ ሄደህ ትቀመጣለህ። ከቻልክ ታቅፋታለህ። ጸጉር አስተካካይ ናት።»

አንለይ ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው፤ ከዚያ መለሰው። «አይሆንም።»

«እጥፍ እከፍልሃለሁ።»

«አይሆንም፣ ጋሼ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ካንተ ሌላ ብልሹ የለም መሰለህ?» አለ አቶ ልሳነወርቅ ከማዶ እጁን እያወዛወዘ። «ከወንጂ አስመጣለሁ! ወንጂ ሞልቷል!»

አንለይ ለትርሲት ደውሎ ነገራት። ትርሲት ሳቀች፤ ሳቋ ግን አጭር ነበር። ቀጠሮው ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወርላት ባንኩን ብትጠይቅ፣ ቀን የሚያዛውር ሰው ሁለት ነጥብ እንደሚቀነስበት ነገሯት።

ማክሰኞ ጠዋት የባንኩ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ትርሲት ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። አንለይ ከበሩ ውጪ፣ ከዛፉ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ልሳነወርቅ መጣ። ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላው አዲስ ኮት የለበሰ አንድ ቀጭን ሰው ይከተለዋል። የኮቱ የዋጋ ምልክት ከእጅጌው ሥር ይወዛወዛል። አቶ ልሳነወርቅ ወደ ጥግ ሄዶ ተቀመጠና በአገጩ ወደ ትርሲት ጠቆመ። ቀጭኑ ሰው ወደ እሷ መራመድ ጀመረ። ስልኮች ተርገበገቡ።

አንለይ አላሰበበትም። እየሮጠ ገባ፤ ቀጭኑን ሰው አልፎ፣ ትርሲትን አልፎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጥጉ ሄደና አቶ ልሳነወርቅን ከመቀመጫው አንሥቶ አቀፈው።

«ጋሼ ልሳነወርቅ! እንዴት ሰነበቱ? ደህና ነዎት?» ቀኝ ጉንጩን ሳመው። «ቤተሰብ ደህና?» ግራውን ሳመው። «ልጆች ደህና? ባለቤትዎ? ጤናዎስ? ያ ጉልበትዎ?» እንደገና ቀኙን። «ኧረ ጠፍተዋል! ሥራ እንዴት ነው? ጎረቤት ደህና?»

«ልቀቀኝ! ዘበኛ! ዘበኛ!»

ዘበኛው ከአዳራሹ ሌላ ጫፍ ሆኖ «ተለያዩ!» ብሎ ጮኸ። አንድ እርምጃ ግን አልተጠጋም፤ የቤት ብድሩ ገና አሥራ ሰባት ዓመት ይቀረዋል።

አቶ ልሳነወርቅ የቀጠረውን ሰው አየና «ተወው! ተወው፣ ተመለስ!» አለው። ቀጭኑ ሰው ታዛዥ ነበር። ከትርሲት ዞር ብሎ ወደ ቀጣሪው ተመለሰና በሌላው ጎኑ ቆመ።

«ተመለስ ካሉ እመለሳለሁ» አለ። «ሒሳቤን ግን ሙሉውን ነው የምቀበለው።»

ስልኩ የተርገበገበበት ሁሉ ወደ በሩ ተጋፋ። ጫማ ወደቀ፣ ጃንጥላ ተሰበረ፤ ተራ የያዙት አመልካቾች ተራቸውን ትተው ወጡ። አቶ ልሳነወርቅም ከሁለቱ እጅ አምልጦ፣ ክራቫቱ ወደ ጀርባው ዞሮ፣ እየተሳደበ ሄደ። አዳራሹ ጸጥ ሲል አንለይ መሐል ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ትርሲት ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ፣ ከእሱ በቂ ርቀት ላይ፣ እንደተቀመጠች ነበረች።

«ወይዘሮ ትርሲት» አለች ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው የብድር ኃላፊ። ማስተዋል ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ እንቅልፍ ያጣች ትመስላለች። «ነጥብዎ ስድስት መቶ ዘጠና ስምንት ነው። ሌሎቹ አመልካቾች… ወጥተዋል። እንኳን ደስ አለዎት።»

ትርሲት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል» አለች ማስተዋል ማያውን እያየች። «ሰሞኑን አራት ነጥብ ተቀንሶብዎታል። አራቱም ከእኚያ ሰውዬ ጋር በመቆየት ነው። ወዳጅዎ ናቸው? ወዳጅ ከሆኑ ሥርዓቱ ወደፊት የሚቀነሰውንም አሁን ይቆጥረዋል።»

«አላውቃትም!» አለ አንለይ ከመሐል ሆኖ። «በሕይወቴ አይቻት አላውቅም!»

ትርሲት ዞራ አየችው።

ማስተዋል ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ ‹ደንበኛ ነው› ቢሉኝ ይበቃኛል። ደንበኛ ሁሉም ሰው አለው።»

ትርሲት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ጸጉር ላይ የሰበሰበችው ገንዘብ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጧል። የሚፈለግባት አንድ ቃል ነበር፤ እሱም ውሸት አልነበረም፤ አንለይ ደንበኛዋ ነው።

«እንዴት ነው የማታውቀኝ?» አለች በመጨረሻ፤ ለማስተዋል ሳይሆን ለእሱ። ተቆጥታ ነበር። «አናትህ ላይ ጸጉርህ በሁለት በኩል እንደሚሽከረከር ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል? ግራ ጆሮህ ከቀኙ ዝቅ እንደሚል አንተ ራስህ ታውቃለህ? ማጅራትህን ሲነኩህ እንደ ልጅ ትኮረኮራለህ። እዚህ መጥተህ በሰው ፊት ‹አላውቃትም› ትላለህ?»

«ትርሲት፣ ዝም በይ፣ በፈጠረሽ…»

«ወዳጄ ነው» አለች ወደ መስታወቱ ዞራ። «ጻፊው።»

ማስተዋል ጻፈችው። ቁጥሩ ሲወርድ ሦስቱም ማያው ላይ አዩት፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ቆመ።

ትርሲት የባንኩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አፍንጫዋን በሰማያዊው ቀሚሷ እጅጌ ጠረገች። አንለይ አጠገቧ ልቀመጥ ወይስ ልቁም እያለ ሲያመነታ ክንዱን ይዛ ሳበችው።

«ቤቱን እፈልገው ነበር» አለች። «እንዴት እንደምፈልገው አታውቅም። መደርደሪያው የት እንደሚሆን፣ መስተዋቱ የት እንደሚሰቀል፣ ሁሉንም አስቤው ነበር።»

«ሞኝ ነሽ» አላት።

«ነኝ። ዶሮዎችህ ሲያልቁ አንተ ምን አደረግህ?»

«የተረፈውን አውራ ዶሮ አርጄ በላሁት።»

ትርሲት እያለቀሰች ሳቀች። «ይኸው ነው እንግዲህ» አለች። «የተረፈንን እንብላ።»

የተረፋቸው የአንለይ አርባ አንድ ነጥብ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ለትርሲት ነው። ሌሎቹ አመልካቾች ስለሸሹ ቤቱ ሳይሸጥ ቀርቷል። በደንቡ መሠረት ከብልሹ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት በየወሩ ዋጋው ይቀነሳል። ከዚያ ምድር ቤት ጎን ደግሞ ድሮ ጄነሬተር ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል ነበረች። የክፍሏ ባለቤት ሐረር የሚኖር ሰው ነው፤ ከሐረር ሆኖ የቅርበት ደንብ አይነካውም፤ ኪራዩ በስልክ እስከገባለት ድረስ ማን እንደገባባት አይጠይቅም። አንለይ በመስከረም አልጋውንና ምድጃውን ይዞ ገባባት። ቅባት ቅባት ትሸታለች። የእሱ ሥራ ግን ግድግዳውን ተደግፎ መተኛት ብቻ ነበር።

ከላይ የሚኖሩት ነዋሪዎች ፎቅ ላይ ሆነው በድምፅ ማጉያ ሽማግሌ ላኩበት። ደንቡ ስለ ግድግዳ እንጂ ስለ ጣሪያ ምንም እንደማይል ሲነግራቸው ተረጋግተው ገቡ። ትርሲት በየወሩ መጀመሪያ ወደ ማስተዋል መስኮት ትሄዳለች።

«ዛሬስ ስንት ገባ?»

«ወርዷል» ትላለች ማስተዋል። በመጀመሪያው ወር ፊቷን አጨፍግጋ ነበር። በአራተኛው ወር ትርሲትን ስታይ ፈገግ ማለት ጀመረች። ገዢ ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ ግድግዳውን በጣቱ መትቶ፣ ከወዲያ አንለይ «ማነው?» ሲል ሰምቶ ሄደ። ኅዳር ላይ ብርድ ሆነና አንለይ ሳል ያዘው። ትርሲት ሾርባ ይዛ መጥታ «ብትሞት ዋጋው ይወጣል፤ እንዳትሞት» አለችው። በሚቀጥለው ቀን ግን ጸጉር ቤቷን ዘግታ ሙሉ ቀን አጠገቡ ዋለች።

በግንቦት የቤቱ ዋጋ ትርሲት ከቆጠበችው በታች ወረደ። ያለ ብድር፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ ከፍላ ገዛችው። ማስተዋል ቁልፉን በመስታወቱ ቀዳዳ ስታቀብላት ጣቷን ትንሽ አቆየችው።

«ይህን ሥርዓቱ አላሰበውም ነበር» አለች። «እኔም ለማንም አልተናገርኩም።»

ሥርዓቱ ግን በሰኔ አሰበው። ከዚያ ወር ጀምሮ ብልሹ ሰው ባንክ ከያዘው ቤት አጠገብ መከራየት ተከለከለ፤ የአንለይን መንገድ ሊከተሉ ዕቃቸውን የጫኑ ሦስት ሰዎች ከጋሪያቸው ጋር መንገድ ላይ ቀሩ።

ትርሲትና አንለይ በክረምቱ መግቢያ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተጋቡ። አጋቢው ሹም ከበሩ ቆሞ «እሺ? እሺ። በሉ» ብሎ ጨረሰ። ሙሽራዋ ስትወጣ ነጥቧ መቶ ሠላሳ ነበር። ድግሱ ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ያው ቀጭኑ የወንጂ ሰው ኮቱን ለብሶ መጣ፤ የመጡት ግን ሁሉም የተበላሹ ስለነበሩ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው ጨፈሩ። አዲሱ ጸጉር ቤትም በዚያው ተሞላ። ጥሩ ነጥብ ያለው ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ መንገድ ይሻገራል፤ ቀሪው ገብቶ ይቀመጣል።

አቶ ልሳነወርቅ የመጣው መስከረም ሲጠባ ነው። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ነጥቡ ወርዶ የአራቱም ቤቶች ወለድ ወጣበት፤ ወለዱ ሲወጣ አንድ ክፍያ አለፈው፤ ክፍያው ሲያልፍ ነጋዴው ሁሉ ሸሸው። ሦስቱን ቤት ባንኩ ወሰደበት። ጸጉሩ ኮሌታው ላይ ተኝቷል፤ ጢሙ ገና ከገዳም የወጣ አስመስሎታል። በሩ ላይ ቆመ።

አንለይ መጥረጊያውን እንደያዘ ቀጥ አለ። ትርሲት መቀሷን አቁማ አየችው።

«እዚህ… ይቆረጣል?» አለ አቶ ልሳነወርቅ ወለሉን እያየ።

የትርሲትን አሥራ ሁለት ዓመት ለዕቃ ማከማቻ ሊወስድባት የነበረ ሰው ነው። ፎጣውን አራገፈች፤ ረጅም ጊዜ አራገፈችው።

«ወረፋ አለ» አለች በመጨረሻ።

ወረፋ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ተቀመጠ። ትርሲት ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ ቀና ስታደርገው ማውራት ጀመረ። ስለ ጉልበቱ አወራ፣ ስለ ወደብ ክፍያ አወራ፣ ስልክ ስላቆመው ልጁ አወራ፣ የፍሬን ሸራ በስንት እንደገባ አወራ፤ ወራት ሙሉ የሰማው ሰው እንዳልነበረ ያስታውቃል። ትርሲት ጸጉሩን ቆርጣ፣ ጢሙን አስተካክላ፣ ማጅራቱን በብሩሽ ጠረገችለት። ተነሥቶ ከፈለና ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ሁለት አዲስ ደንበኞች ገቡና አግዳሚው ጠበበ፤ አንዱ «ትንሽ ጠጋ» አለው፤ ጠጋ አለ። ሰውየው አጠገቡ ዘፍ ብሎ ትከሻውን ተደገፈው።

ትርሲት የሚቀጥለውን ሰው ፎጣ እያሰረች ዞር አለች።

«ጋሼ ልሳነወርቅ፣ የእርስዎን ጨርሰናል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ፤ አልተነሣም።